መርጅ ቱሉ ተዘጋ፣ ኮንፍሊክቱ ግን እዚያው አለ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ባለፈው እትም ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፈውን ኮድ ስለሚይዘው ፕሮግራም፣ ስለ ጊት፣ ጫር ጫር አድርጌ ነበር። አንድ ፋይል ላይ ሁለት ሰው ሲሠራ የሁለቱን ሥራ እንዴት እንደሚያዋህድ (መርጅ ይሉታል)፣ ማዋሃድ ሲያቅተው ደግሞ «ኮንፍሊክት አለ» ብሎ እንደሚቆም። ከዚያ ወዲህ የመጡልኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ኮንፍሊክቱን እንዲያሳየን ጊት ስለሚጠራው ፕሮግራም፣ መርጅ ቱል ስለምንለው። አንዱ ይከፈትና ይዘጋል ይላል። ሌላው ሁሉንም ቀይ አደረገብኝ ይላል። አንዷ ሥራዬን በላው ትላለች። እንግዲያው የዛሬው ዓምድ የእሱ ነው።

ትእዛዞቹን አፋችን እንደሚጠራቸው በፊደላችን አስቀምጫለሁ። ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ነው የምትመቷቸው። ሁለት ሰረዝ ያደረግኩበት ሁለት ነው፣ አንድ ያደረግኩበት አንድ። የፊደል ግድፈት ካያችሁ ደብረ ብርሃንን ውቀሱ። ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፤ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፈው፤ ጠዋት ላይ ጣት አይታዘዝም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እዚሁ ደብረ ብርሃን የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ለአራት ነው የምንሠራው። ኮድ የምጽፍበትን ቪኤስ ኮድን መርጅ ቱል እንዲሆን ኮንፊገር አደረግኩት። «ጊት መርጅቱል» ስል ቪኤስ ኮድ ይከፈታል። ግን ገና ምንም ሳልነካ ተርሚናሉ «ፋይሉ የተለወጠ አይመስልም፣ መርጁ ተሳክቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አዎ አልኩት። ለውጡን መዝግቤ (ኮሚት አድርጌ) ወደ ጋራው ማከማቻ ላክሁት (ፑሽ አደረግኩ)። ማታ ጓደኞቼ ሲያስነሱት ፋይሉ በኮንፍሊክት ምልክት ተሞልቷል። አሁን ኮንፍሊክት ሲመጣ «አንተ ተቀመጥ» ይሉኛል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያጠፋኸው «አዎ» ማለትህን ብቻ ነው። እሱንም ብዙዎቻችን ብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊት የራሱ የኮንፍሊክት መፍቻ መስኮት የለውም። ኮንፍሊክት ያለበትን ፋይል ይይዝና ከጎኑ ጊዜያዊ ፋይሎች ይደረድራል። ሎካል የሚባለው አንተ ያለህበት ብራንች (የሥራው ቅርንጫፍ) የያዘው ነው። ሪሞት የሚባለው ሊዋሃድ የመጣው ነው። ቤዝ ደግሞ ሁለታችሁ ሳትለያዩ በፊት የነበረው። ለክፉ ቀን ባካፕ የሚባል ቅጂም ያስቀምጣል። ከዚያ አንተ የመረጥከውን ፕሮግራም ይጠራና ይጠብቃል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ተመልሶ ዋናውን ፋይል ያያል። ተለውጦ ካገኘው «አለቀ» ብሎ ያስመዘግበዋል። ካልተለወጠ ግራ ይገባውና አንተን ይጠይቃል።

ችግሩ ያለው «ይጠብቃል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ቪኤስ ኮድ ከተርሚናል ሲጠራ መስኮቱን ይከፍትና ለጠራው ወዲያው «ጨርሻለሁ» ብሎ ይመልሳል። ልጅ እህል አስይዘህ ወፍጮ ቤት ስትልከው፣ ከረጢቱን በር ላይ ጥሎ «አድርሻለሁ» እያለ ወደ ኳሱ እንደሚሮጠው። አድርሷል፣ አልዋሸም። ዱቄቱ ግን የለም። ጊት ተመልሶ ሲያይ ፋይሉ አልተነካም፤ ጠየቀህ፤ አንተም አዎ አልከው። በዚያች ቅጽበት ጊዜያዊ ፋይሎቹን አጠፋቸው፣ ምልክት የሞላበትን ፋይልም እንደተፈታ ቆጠረው።

መድኃኒቱ አንዲት ቃል ናት፣ «--ዌይት»። ቪኤስ ኮድ ታቡ እስኪዘጋ እንዲጠብቅ ታስገድደዋለች። መጀመሪያ ይህን፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል መርጅ.ቱል ቪኤስኮድ

ቀጥሎ ይህን፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል መርጅቱል.ቪኤስኮድ.ሲኤምዲ 'ኮድ --ዌይት --መርጅ "$ሪሞት" "$ሎካል" "$ቤዝ" "$መርጅድ"'

የዶላር ምልክት ያለባቸው አራቱ ስሞች በትልልቅ ፊደል ናቸው። ከውጭ ያለውን ነጠላ ጥቅስ ደግሞ ልብ በል። እዚህች ላይ ብዙ ልጆች ሲወድቁ አይቻለሁ። በነጠላው ፋንታ ድርብ ጥቅስ ካደረግክ ተርሚናሉ «$መርጅድ» የሚባል ነገር አሁን አለ ወይ ብሎ ይፈልጋል። የለም። በባዶ ይተካውና ለጊት ባዶውን ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ መርጅቱል ባልክ ቁጥር ቪኤስ ኮድ ባዶ መስኮት ይከፍትልሃል፣ አንተም ፕሮግራሙን አጥፍተህ እንደገና ትጭናለህ። መጫን አያስፈልግም። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል --ሊስት» በልና የጻፍከው እንዳለ መቀመጡን እይ። ዶላሮቹ ከሌሉ ጥቅሱ ነው ጥፋተኛው።

አሁን የምሠራው ዊንዶው ብዙ ነው፣ ታብ መዝጋት እረሳለሁ ካልክ ደግሞ ተርሚናሉ ዝም ብሎ ቆሞ ታገኘዋለህ። አልተበላሸም፤ እየጠበቀህ ነው። ሴቭ አድርገህ ታቡን ዝጋ።

ሌላ ጊዜ ተሳስተህ አዎ ብትል፣ ኮሚት እስካላደረግክ ድረስ «ጊት ቼክአውት --መርጅ» ብለህ የፋይሉን ስም ጨምር። ኮንፍሊክቱን እንደነበረ ይመልስልሃል። ነገሩ ሁሉ ከተወሳሰበብህ «ጊት መርጅ --አቦርት» ወደ መነሻህ ይወስድሃል። ኮሚት ከሆነ ግን ፋይሉን ከፍተህ በእጅህ ማጽዳት ነው። ሰባት ተከታታይ የግራ ቀስት ፈልግ፤ ኮንፍሊክቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

«አንተ ተቀመጥ» ይሉኛል ስላልክ የራሴን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ከተማ ላንድ ብርድ ልብስ ሻጭ የዋጋ ገጽ ሠርቼ ነበር። አንድ ቀን ማታ ኮንፍሊክት ፈትቼ፣ የፈታሁ መስሎኝ፣ ገጹን ለቀቅኩትና ተኛሁ። ጠዋት ሰውዬው ደወለ። «እትዬ፣ ከባለ ሁለቱ ሰው ብርድ ልብስ በላይ የዶሮ ዱካ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ዋጋ ነው ያለው። የቱን ልሽጥ?» የኔ ዋጋና የረዳቴ ዋጋ፣ መሃላቸው ሰባት የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ገጹ ላይ ተሰቅለው አድረዋል። ደንበኞቹ በርካሹ ሊገዙ ቆመዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮሚት ከማድረጌ በፊት «ጊት ዲፍ --ቼክ» ሳልል አልተኛም። የተረሳ ምልክት ካለ ከነመስመር ቁጥሩ ይነግራል። ፋይሉን አድ አድርገኸው (ለኮሚት አዘጋጅተኸው) ከሆነ «--ካሽድ» ጨምርበት።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። ከደብረ ሲና ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ሆኖም የእህል መጋዘን ሂሳብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ከልጄ ጋር እየጻፍን ነው። እሷ አዲስ አበባ ናት። እኔ ዊንዶውስ ነኝ፣ እሷ ኡቡንቱ። አንዲት መስመር ብቻ ለውጠን ስናዋህድ ሜልድ የሚባለው መርጅ ቱል ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ቀለም ይቀባብኛል። ግራውንና ቀኙን በአጉሊ መነጽር ባይ አንድ ነው። ሜልድ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሜልድ ደህና ነው። ልዩነቱም አለ፤ እርስዎ አያዩትም እንጂ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ገደሉ የት እንደሚሄድ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ።

የጽሕፈት መኪና ዘመን ሰው ከሆኑ ይህን በደንብ ያስታውሱታል። መስመር ሲያልቅ ሁለት ሥራ ነበረ። ጋሪውን ገፍቶ ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለስ አንድ፣ ወረቀቱን አንድ መስመር ማሽከርከር ሁለት። ዊንዶውስ ይህን ሁለቱንም ይጽፋል፤ በእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች አሉ። ሊነክስ፣ የልጅዎ ኡቡንቱም ጭምር፣ ሁለተኛውን ብቻ ይጽፋል። እንግዲህ የእርስዎ ኤዲተር ፋይሉን ሴቭ ሲያደርግ መስመሩን ሁሉ ባለ ሁለት ምልክት ካደረገው፣ ለጊት እርስዎ የለወጡት አንዲት መስመር ሳትሆን ፋይሉን በሙሉ ነው። ልጅዎ ደግሞ አንዷን መስመር ለውጣለች። ሁለቱ ተጋጩ።

ማመን ካቃተዎት ጊት ባሽን፣ ከጊት ጋር የሚመጣውን ተርሚናል፣ ይክፈቱና «ካት -ኤ» ብለው የፋይሉን ስም ይጻፉ፣ ኤዋ ትልቋ ናት። በየመስመሩ መጨረሻ ከዶላር ምልክቱ በፊት ባርኔጣና ኤም ካዩ እሱ ነው ጉሙ።

መጀመሪያ የጀመሩትን በ«ጊት መርጅ --አቦርት» ያቁሙ። ከዚያ በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ «.ጊትአትሪቢውትስ» የሚባል ፋይል ይፍጠሩ፤ ከፊቱ ነጥብ አለው። ውስጡ አንድ መስመር ይበቃል፦ ኮከብ፣ ክፍት ቦታ፣ «ቴክስት=አውቶ»። እሱን ኮሚት ያድርጉ። ቀጥሎ «ጊት መርጅ -ኤክስ ሪኖርማላይዝ» ብለው የልጅዎን ብራንች ይጥሩ፤ እዚህም ኤክሷ ትልቋ ናት። ጊት ሦስቱንም ቅጂዎች አንድ ዓይነት የመስመር ጫፍ አስይዞ ያወዳድራቸዋል። ያ ሁሉ ቀለም ይጠፋና የእውነቷ መስመር ብቻ ትቀራለች፤ እሷም ኮንፍሊክት ላትሆን ትችላለች። መርጁ ሲያልቅ «ጊት አድ --ሪኖርማላይዝ .» ብለው አንዴ ኮሚት ያድርጉት፤ ነጥቧን እንዳይረሷት። ልጅዎም ፑል ታድርግ፣ አዲሱን ወደ ራሷ ታውርድ። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ አትጻጻፉም።

ሜልድ ላይ ሦስት ዓምድ ሲከፈትልዎ ሴቭ የሚሆነው የመሃሉ ነው። ግራና ቀኙ ለማየት ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ከሁሉም ሜልድን እወዳለሁ። የኔ ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ ቪኤስ ኮድና ብራውዘር አንድ ላይ ሲከፈቱ ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ከመሐል ሜዳ ነን፣ ሦስት መምህራን። ለተማሪዎች የሚሆን የሳይንስ ትምህርት አፕ ወደ አማርኛ እየተረጎምን ነው። ጊት ለኛ አልሆነም። የፋይሎቻችንን ስም በአማርኛ ብናደርግ «\341\210» እያለ ቁጥር ይተፋል። አንዱን ፋይል «ባይነሪ ነው፣ መርጅ አላደርግም» ይለናል፤ ተራ ጽሑፍ ነው እኮ! የቀሩት ላይ ደግሞ መርጅ ቱሉ አንቀጹን በሙሉ ኮንፍሊክት ያደርገዋል። ጊት አማርኛ አይችልም ወይ?

መልስ፦ ይችላል። የደረሰባችሁ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። አንድ ቀን ላይ ስለመጡ አንድ መስለዋችሁ ነው።

ቁጥሩ ቀላሉ ነው። የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። ጊት በፋይል ስም ውስጥ ከእንግሊዝኛው ወጣ ያለ ባይት ሲያገኝ፣ ካልከለከላችሁት፣ በቁጥር ነው የሚያሳየው። «ሀ» \341\210\200 ናት፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል ኮር.ኮትፓዝ ፎልስ» በሉት፣ ስማችሁን በአማርኛ ያሳያችኋል። ከዚያ በኋላ ሳጥን ሳጥን ከታያችሁ ጥፋቱ የጊት ሳይሆን የፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ።

ባይነሪ የተባለው ፋይል፣ እወራረዳለሁ፣ ከሦስታችሁ የቆየ ዊንዶውስ ያለው ሰው በኖትፓድ ሴቭ ያደረገው ነው። የድሮው ኖትፓድ ላይ አማርኛ ጽፋችሁ ሴቭ ስትሉ «ዩኒኮድ» የሚል ምርጫ ነበር። ስሙ ያምራል። እሱ ግን ዩቲኤፍ-16 ማለቱ ነው። በዚያ አቀማመጥ ክፍት ቦታ ሳትቀር ባዶ ባይት ይዛ ትቀመጣለች። ጊት የፋይሉን መጀመሪያ 8,000 ባይት ሲቃኝ አንድ ባዶ ባይት ካገኘ «ይህ ጽሑፍ አይደለም፣ ፎቶ ምናምን ነው» ብሎ ይተወዋል። ፋይሉን ክፈቱት፣ ሴቭ አዝ በሉ፣ ከታች ኢንኮዲንግ የሚለው ላይ ዩቲኤፍ-8 ምረጡ። ከ2019 ወዲህ ያለው የዊንዶውስ 10 ኖትፓድ አዲስ ፋይል ሲጀምር ራሱ ዩቲኤፍ-8 ይመርጣል። ሁለታችሁ ያልደረሰባችሁም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ስታደርጉ ግን አንድ ሰው ብቻ ያድርገውና ሌሎቻችሁ ፑል አድርጉ። ሦስታችሁም በየፊናችሁ ብትቀይሩት ሌላ ኮንፍሊክት ነው።

ሦስተኛው የኛው የራሳችን ነው። ከላካችሁልኝ ናሙና ላይ አንዱን መስመር ልጥቀስ። አንዱ መምህር «ፀሐይ ለዓለም ብርሃን ትሰጣለች» ብሏል። ሌላው ያንኑ «ጸሀይ ለአለም ብርሀን ትሰጣለች» ብሎ አርሞታል። ሲነበብ አንድ ነው። ልጅ ብትጠሩና ብታስነብቡ ልዩነት አይሰማም። ለኮምፒውተር ግን የኛ ፊደል ዩኒኮድ፣ ለፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ፣ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየራሳቸው ቁጥር ነው የተሰጣቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ጊት ድምፅ አይሰማም። ቁጥር ነው የሚያየው። በአራት ቃል መስመር ውስጥ ሦስቱ ቃል ተለውጧል ብሎ ያምናል፤ ልክም ነው።

በዚያ ላይ አንቀጻችሁ በሙሉ አንድ መስመር ነው። ኢንተር የተመታው አንቀጹ ሲያልቅ ነው። ጊት የሚያወዳድረው በመስመር ስለሆነ፣ አንዱ የአንቀጹን የመጀመሪያ ቃል፣ ሌላው የመጨረሻውን ቢነካ፣ «ሁለታችሁም አንድ መስመር ነክታችኋል» ብሎ አንቀጹን እንዳለ ይጥልላችኋል። መርጅ ቱሉን ብትለውጡ ለውጥ የለውም። ኬዲፍ3 የሚባለው ሌላው ቱልም ሆነ ሜልድ የሚያሳዩት ያንኑ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። አራት ነጥብ ባለ ቁጥር ኢንተር። አንድ ዐረፍተ ነገር፣ አንድ መስመር። አፑ ሲያሳየው መልሶ ያያይዘዋል ወይ ብላችሁ ፕሮግራሙን የጻፈውን ጠይቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያያይዘዋል። ቀጥሎ በአንድ ገጽ ላይ የምትስማሙባቸውን ቃላት ጻፉና ፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀምጡ። ፀሐይ ወይስ ጸሀይ፣ ሥራ ወይስ ስራ። የቱ ይሻላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ከመንዝ ሰው ጋር የፊደል ክርክር አልጀምርም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንኩ «ፀሐይ» ስትጻፍ ደስ ይለኛል፣ እሱን ብቻ ልበል። ከዚያ ፊደል የማቃናቱን ሥራ አንዳችሁ ብቻችሁን፣ ትርጉም ሳትነኩ፣ በአንድ ኮሚት ጨርሱት። የቀራችሁት ያን ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ። ተጨርሶ ፑል ስታደርጉ ቀጥሉ።

እስከዚያው የያዛችሁትን ለመፍታት ይህን ልስጣችሁ። መርጁን በአቦርት አቁሙትና «ጊት ዲፍ --ወርድ-ዲፍ» ብላችሁ የሁለቱን ብራንች ስም አስከትሉ። ልዩነቱን በመስመር ሳይሆን በቃል ያሳያችኋል። የትኛው ልዩነት የፊደል፣ የትኛው የትርጉም እንደሆነ በአንድ ዓይን ትለያላችሁ። ቃል የሚቆርጠው በክፍት ቦታ ነው። ከመካከላችሁ እንደ ድሮው በሁለት ነጥብ ብቻ ቃል የሚለይ ሰው ካለ ግን ዐረፍተ ነገሩን እንዳለ አንድ ቃል ያደርግባችኋል። አንድ አለ መሰለኝ፤ ናሙናው ላይ አይቻለሁ።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ ልበል።

ከሸዋ ሮቢት «ጊት መርጅቱል ስል መርጅ የሚፈልግ ፋይል የለም ይለኛል፣ ኮንፍሊክት ግን እያየሁ ነው» ያልከኝ ወንድሜ፣ «ጊት ስታተስ» በል። «ያልተዋሃዱ ፋይሎች» የሚለው ክፍል ከሌለ ለጊት ነገሩ አልቋል። ምናልባት ምልክቱ ሳይነሳ «ጊት አድ» ብለኸዋል። መርጅቱል የሚያየው በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ቀስቶች አይደለም፤ ጊት በመዝገቡ «አልተፈታም» ብሎ የያዛቸውን ነው። ከላይ ለተማሪው የነገርኩት «ቼክአውት --መርጅ» ላንተም ይሠራል።

የፕሮጀክት ፎልደሯ መጨረሻቸው «.ኦሪግ» በሆነ ፋይሎች የተሞላባት እህት፦ መርጅቱል ከነምልክቱ ያስቀመጠው የቀድሞ ቅጂ ነው። ጥፊው። እንዳይመጣ «መርጅቱል.ኪፕባካፕ» የሚለውን ፎልስ አድርጊ።

«መርጅ ቱሉ ቪምዲፍ ተከፈተብኝ፣ አራት መስኮት ነው፣ መውጫው ጠፋኝ፣ ላፕቶፑን አጠፋሁት» ያልከው፦ ሳቅኩብህ፣ ይቅርታ። ከላይ ሎካል፣ ቤዝ፣ ሪሞት ናቸው፤ ከታች ያለው ትልቁ ውጤቱ ነው። ኢስኬፕ ተጫን። ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ «ደብልዩ ኪው ኤ» ካልክ ሁሉንም ሴቭ አድርጎ ይወጣል። ሁለት ነጥብ፣ «ሲ ኪው» ካልክ ግን «አልተሳካልኝም» ብሎ ይወጣል፣ ጊትም ኮንፍሊክቱን እንደያዘ ይቆያል። ሁለተኛዋን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በማታውቀው መስኮት ውስጥ ስትያዝ የምታድንህ እሷ ናት።

መብራት በመሃል ስለጠፋባችሁ፣ ይህ ከሦስት ሰው መጥቷል፤ ሦስቱም ባትሪያቸው የሞተ ነው። አትደንግጡ። የጀመራችሁት መርጅ ዲስክ ላይ ተመዝግቧል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ጊት ስታተስ» አሁንም መርጅ ላይ እንደሆናችሁ ይነግራችኋል። ስማቸው መሃል ሎካል፣ ቤዝ፣ ሪሞትና ቁጥር ያለባቸው ፋይሎች ተበትነው ታገኛላችሁ። መርጅቱል ሳይዘጋ ስለሞተ የሚያነሳቸው ጠፍቶ ነው። ዋናው ፋይል ውስጥ ሴቭ ያደረጋችሁት መኖሩን አይታችሁ እነሱን ሰርዙ። መርጅቱሉንም እንደገና ጥሩ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ከዓለም ከተማ ነኝ። ሁለት ሳምንት የሠራሁትን ብራንች ሜይን በሚባለው በጋራው ዋና ብራንች ላይ ሪቤዝ አደረግኩ። ኮንፍሊክት ሲመጣ መርጅ ቱሉ ላይ «ሎካል» የሚለውን ሁሉ መረጥኩ፤ የኔ ነው ብዬ። ሲያልቅ ሥራዬ የለም። የሌላው ሰው ኮድ ብቻ ነው ያለው። ቱሉ ገልብጦ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ደብዳቤውን የጻፍኩት ኅዳር 4 ማታ፣ ነገሩ በሆነ በሰዓቱ ነው። እንባዬ እየመጣ ነው።

መልስ፦ አይዞሽ፣ ሥራሽ አለ። ቱሉ አልገለበጠም፤ የገለበጠው ሪቤዝ ነው።

መርጅ ስታደርጊ አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ እንግዳ ነው የሚመጣው። ሎካል አንቺ ነሽ። ሪቤዝ ስታደርጊ ግን ጊት መጀመሪያ ሄዶ ሜይን ላይ ይቆማል። ከዚያ የአንቺን ኮሚቶች አንድ በአንድ እያነሳ እላዩ ላይ ይደርባል። ስለዚህ ባለቤቱ ሜይን ነው፣ እንግዳዋ አንቺ ነሽ። ሎካል የነሱ፣ ሪሞት ያንቺ። «አወርስ» (የኛ) እና «ዜርስ» (የነሱ) የሚሉት ቃላትም አብረው ይገለበጣሉ። አንቺ በየኮንፍሊክቱ ሎካልን ስትመርጪ «የነሱ ይቅር፣ የኔ ይውጣ» እያልሽ ነበር። ኮሚትሽ ባዶ ሲሆን ደግሞ ጊት የሚደርበው ነገር ስለሌለ ዘለለው።

እኔ ከስሙ ጋር መታገል ከተውኩ ቆየሁ። ቤዙን ነው የማየው። አባቴ የወሰን ክርክር ሲሸመግል አብሬው ሄጄ አውቃለሁ። አንዱ ወሰኑ እዚህ ነው ይላል፣ ሌላው እዚያ ነው ይላል። አባቴ ሁለቱንም ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ነበር የሚጠይቀው፤ «ድንጋዩ ድሮ የት ነበር?» ድንጋዩ የነበረበት ሲታወቅ ማን ምን ያህል እንደገፋ ይታያል። ቤዝ ያ ድንጋይ ነው። ጊት ግን በተለምዶ ፋይሉ ውስጥ የሚያሳይሽ ሁለቱን ተከራካሪዎች ብቻ ነው። «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል መርጅ.ኮንፍሊክትስታይል ዲፍ3» ካልሽው በሁለቱ መሃል ሰባት ቀጥ ያሉ መስመሮች አድርጎ ከሥራቸው የድሮውን ያሳይሻል። ጊትሽ 2.35 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ከሆነ «ዚዲፍ3» በይው፤ ሁለቱም ወገን የተስማሙበትን ጠርዝ ከኮንፍሊክቱ ያወጣልሻል፣ አጠር ይላል። ከድሮው ጋር አንድ የሆነው ወገን ምንም አልለወጠም ማለት ነው። የለወጠው ሌላው ነው። ሎካል ተባለ ሪሞት ያን ጊዜ አያሳስብሽም።

አሁን ሥራሽን እናውጣ። «ጊት ሪፍሎግ» ብለሽ የብራንችሽን ስም አስከትዪ፤ ብራንችሽ በየጊዜው የነበረበትን ይዘረዝርልሻል። ከላይ የሚታይሽ መስመር ሪቤዝ መጠናቀቁን ይናገራል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ከሪቤዙ በፊት የነበርሽበት ነው። የዚህን የሁለተኛውን መስመር አጭር ኮድ ቅጂ፣ «ጊት ብራንች ማዳኛ» ብለሽ ያን ኮድ ለጥፊበት። ማዳኛ ያልኩት የአዲሱ ብራንች ስም ነው፤ ደስ ያለሽን በይው። ወደዚያ ብራንች ግቢና ፋይሎችሽን እዪ። ሁለት ሳምንትሽ እዚያ አለ። ሪቤዙን ዳግም የምትሞክሪው እሱ መኖሩን በዓይንሽ ካየሽ በኋላ ነው። ዋናው ብራንች ላይ ፑሽ አድርገሽ ከሆነ ደግሞ ከመነካካትሽ በፊት ለጓደኞችሽ ንገሪ።

ጊት የትም ብራንች ላይ የማይገኙ ኮሚቶችን በሪፍሎግ የሚይዝልሽ፣ ካልነካሽው፣ 30 ቀን ነው። ደብዳቤሽ የኅዳር 4 ነው፣ ዛሬ 19 ነው። መጽሔቱ እጅሽ እስኪገባ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ይህን ስታነቢ ቡናውን አስቀምጪና መጀመሪያ ብራንቹን ፍጠሪ።